ቮልስ አውቶስቲክ፦ የኋላ ማርሽ ይፋጫል፣ ሲቀንስ ይመታል፣ ኮረኮንች ላይ ፍሪ ይሆናል

#1 ጥንዚዛ70

ጤና ይስጥልኝ። መኪናው የ1970 ቮልስ ነው፤ 1600 ሞተር፣ የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው አውቶስቲክ ካምቢዮ። ማርሾቹን ከታች ወደ ላይ 1፣ 2፣ 3 እያልኩ እጠራለሁ። በብዙዎቹ መኪኖች ላይ ግን ኤል፣ 1፣ 2 ተብለው ስለተጻፉ እንዳንደናገር።

የሚያስቸግረው ሦስት ነገር ነው።

የኋላ ማርሽ፦ ጠባብ ቦታ ላይ ለማቆም ወደፊት ወደኋላ ሲባል የመጀመሪያው ያለ ድምፅ ይገባል። ሁለተኛው ይከብዳል። ሦስተኛው ላይ ጥርስ ከጥርስ ይፋጫል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ከታገሱት እንደገና ደህና ይገባል።

ማርሽ ሲቀንስ፦ እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቶ ከ3 ወደ 2 ሲቀነስ መኪናው ከኋላ በእርግጫ እንደተመታ ይዘላል። ሲጨምር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከ2 ወደ 3 ገብቶ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ትንሽ ያጓራና ዘግይቶ ይይዛል።

ኮረኮንች መንገድ፦ አንዳንዴ እየሄደ ድንገት ሞተሩ ያጓራል፣ ልክ ፍሪ የሆነ ይመስላል። ወዲያው ተመልሶ ይይዛል። እጅ የማርሹ ዘንግ ላይ የለም።

የማርሽ ዘይቱ ተቀይሯል፣ 3 ሊትር ገብቷል። ፊውዙ ደህና ነው። ካምቢዮው መውረድ አለበት የሚል ምክር ተሰጥቷል፤ ከመውረዱ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

#2 ቱቦ_ፈታሽ

ካምቢዮውን አታውርድ፣ ወንድሜ። የጻፍካቸው ሦስቱም ምልክቶች ከካምቢዮው ውጭ ያሉ ናቸው፤ ደግሞም ሦስቱ ከሦስት የተለያየ ቦታ የሚመጡ ይመስለኛል። አንዱን አስተካክለህ ሌላው ካልተሻለ ተስፋ እንዳትቆርጥ አስቀድሜ ልንገርህ።

የነገሩን አሠራር አንድ ጊዜ ከያዝከው ቀሪው ፍለጋ ይቀልሃል። የማርሹን ዘንግ ገፋ ስታደርገው ከሥሩ ያሉት ሁለት ኮንታክቶች ይነካካሉ። ያኔ ሶሌኖይዱ (በኤሌክትሪክ የሚሳብ መክፈቻ) ማሳ (የባትሪውን ኔጌቲቭ) ያገኛል፤ ጠቅ ብሎ መቆጣጠሪያ ቫልቩን ይከፍታል። ይህ ቫልቭ ሞተሩ ክፍል ውስጥ በግራ በኩል ያለው፣ ብዙ ቱቦ የተሰካበት ነው። ሲከፈት የቫኩሙን (አየሩ የተሳበበትን) ታንክ ከሰርቮው ጋር ያገናኛል። ሰርቮው ካምቢዮው ጎን ላይ የታሰረው ክብ ጣሳ ነው። ውስጡ ያለው ዲያፍራም ተስቦ የፍሪሲዮኑን ክንድ ይጎትታል፣ ፍሪሲዮኑ ይለቃል። እጅህን ስታነሳ ቫኩሙ ይቋረጣል፣ አየር ወደ ሰርቮው ይመለሳል፣ ፍሪሲዮኑ ይይዛል። አየሩ የሚመለስበት ፍጥነት ነው ማርሹ ለስልሶ መያዙን ወይም መምታቱን የሚወስነው።

ቶርክ ኮንቨርተሩ ሥራው ሌላ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነህ ስትቆም ሞተሩ እንዳይጠፋ ያደርጋል፣ ስትነሳ ጉልበት ያበዛል። ማርሽ በምትቀይርበት ቅጽበት ግን የሚለቀው ደረቁ ፍሪሲዮን ነው። ብዙ ሰው ማርሽ አልገባ ባለ ቁጥር ኮንቨርተሩን የሚወቅሰው ይህንን ስለማይለይ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ማርሽህ። የፊቶቹ ሦስቱም ሲንክሮ (ጥርሶቹ ሳይፋጩ እንዲገቡ ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል) አላቸው፤ ፍሪሲዮኑ አጥርቶ ባይለቅም ጥቂት ይችሉታል። የኋላው ሲንክሮ የለውም፣ ስለዚህ ጉድለቱን መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው። የመጀመሪያው ደህና ገብቶ ሦስተኛው መፋጨቱ፣ ቆይቶ ደግሞ መመለሱ የሚያሳየው የተጠራቀመ ቫኩም ማለቁን ነው። ፍሪሲዮኑ ራሱ ቢበላሽ ኖሮ የመጀመሪያውንም አይምረውም ነበር።

ታንኩ የተሠራው ለዚሁ ነው። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ባለው ዝቅተኛ ዙር) ሞተሩ ቫኩም ይተርፈዋል፤ ነዳጅ ሙሉ ሲረገጥ ግን ማኒፎልዱ (አየርና ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ) ላይ ያለው ቫኩም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ዳገት ላይ ማርሽ ስትቀይር የምትጠቀመው ታንኩ ውስጥ ያስቀመጥከውን ነው። መቆጣጠሪያ ቫልቩ ውስጥ ያለችው የማታስመልስ ክዳን ያ ቫኩም ወደ ማኒፎልድ ተመልሶ እንዳይጠፋ ትይዘዋለች።

ይህን ሞክርና ውጤቱን ጻፍልን፦

ሞተሩን አስነሳ፣ አንድ ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ፣ አጥፋው። ቁልፉን መልሰህ ክፈተው፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ። አንድ ሰው የማርሹን ዘንግ ገፋ እያደረገ ይልቀቅ፤ አንተ ከሥር ሆነህ የሰርቮው ዘንግ ሙሉ ጉዞውን ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ቁጠር። ጤነኛ ሥርዓት ደጋግሞ ይሄዳል፤ እያነሰ እያነሰ ነው የሚቆመው። አንዴ ብቻ ሄዶ ካለቀ ቀዳዳ አለ። ቁልፉን ከሁለት ደቂቃ በላይ ክፍት አትተወው፤ ፑንቲናው (የመለኮሻው ኮንታክት) ተዘግቶ የቆመ ከሆነ ቦቢናው (የመለኮሻው መጠምጠሚያ) ይግላል።

#3 ፈጣን_ካቻቪቴ

መቆጣጠሪያ ቫልቩ አናት ላይ ትንሽ ክዳን አለች። አንሳትና ከሥሯ ያለውን ማስተካከያ ብሎን በካቻቪቴ ግማሽ ዙር ወደ ሰዓት አቅጣጫ አዙረው። ምቱ ይጠፋል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

#4 ሸራና_ጥርስ

ብሎኑ ትክክል ነው፣ አቅጣጫውም ትክክል ነው፤ ጊዜው ግን አይደለም። ቱቦ የሚያፈስ ከሆነ ዛሬ ያስተካከልከው ነገ ይዛባል። ይባስ ብሎ የእሱ መኪና ሲቀንስ ይመታል፣ ሲጨምር ይዘገያል። ብሎኑን ወደ ሰዓት አቅጣጫ ስታዞረው አያያዙ በሁለቱም በኩል ይዘገያል፤ ምቱን ታጠፋለህ፣ ማጓራቱን ታብሳለህ። ሞተሩ እያጓራ በያዘ ቁጥር ደግሞ የሚበላው የፍሪሲዮኑ ሸራ ነው።

ከካርቡራቶሩ ወደ መቆጣጠሪያ ቫልቩ የምትሄደውን ቀጭኗን ቱቦ መጀመሪያ ተመልከቱ። ነዳጅ ሲሰጥ ካርቡራቶሩ አንገት ላይ የሚፈጠረው ቫኩም በእሷ በኩል ይመጣና ቫልቩን "አሁን ቶሎ ልቀቅ" ይለዋል፤ ፍሪሲዮኑ ቶሎ ይይዛል። እግር ከነዳጅ ሲነሳ ያ ምልክት አይኖርም፤ ቫልቩ አየሩን ቀስ አድርጎ ያስገባል፣ ፍሪሲዮኑ ለስልሶ ይይዛል። ቀጭኗ ቱቦ ከተሰነጠቀች ወይም ከወለቀች ነዳጅ ስትሰጥም ቀስ ይላል። ሲጨምር የማጓራቱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ። ስንቱ ሰው ይህችን ቱቦ ሳያይ ሸራ ቀይሯል!

ሲቀንስ መምታቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ምናልባት ከዚህ በፊት አንድ ሰው ማጓራቱን ለማዳን ብሎ ብሎኑን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ አዙሮታል። ቱቦዋ ስትቀየር ብሎኑም ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ግን በመጨረሻ።

#5 ማሳ_ፖዘቲቭ

የኮረኮንቹ ነገር የኤሌክትሪክ ነው። አየር እንዲህ በቅጽበት ሄዶ በቅጽበት አይመለስም። ሶሌኖይዱ ሳይጠራ ማሳ እያገኘ ነው።

ማወቂያው ቀላል ነው። ከማርሹ ዘንግ የሚመጣውን ሽቦ ሶሌኖይዱ ጋ ንቀለው። ቁልፉ ክፍት ሆኖ ሶሌኖይዱ ላይ አንደኛው ጫፍ ሁልጊዜ 12 ቮልት ሊኖረው ይገባል፤ እሱ ከቦቢናው አጠገብ ባለው 8 አምፔር ፊውዝ በኩል የሚመጣው ነው። የነቀልከውን ሽቦ በመሞከሪያ መብራት በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አገናኘው። ዘንጉን ስትገፋ መብራቱ መብራት፣ ስትለቅ ወዲያው መጥፋት አለበት። አሁን ዘንጉን ሳትገፋ እጀታውን በጣትህ መታ መታ አድርገው፣ ወለሉንም በጡጫ ምታ። መብራቱ ብልጭ ካለ ኮረኮንቹን አገኘኸው።

ከዚያ የሚቀረው ሁለት ነገር ነው። ወይ ኮንታክቶቹ ከሚገባው በላይ ተጠጋግተዋል፣ ወይ ሽቦው ከዘንጉ ሥር ወደ ዋሻው በሚገባበት ቦታ ልብሱ ተፍቆ ቆርቆሮ ይነካል። የጎማ ሽፋኑን ወደ ላይ ሰብስበህ ሽቦውን በጣትህ ተከተለው። የተፋቀ ሽቦ ጥቁር ብሎ፣ መዳቡ ሲብረቀረቅ ይታያል። ቴፕ ብቻ አትጠቅልልበት፤ ዘንጉ በተነቃነቀ ቁጥር ቴፑ ይሸሻል። ቆርጠህ አዲስ ሽቦ ቀጥልና ለመወዛወዣ የሚሆን ትርፍ ተውለት።

የኮንታክቶቹ ክፍተት ከ0.25 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በስፔሶሜትር (በክፍተት መለኪያው ስስ ብረት) ለካው። ከዚህ ከጠበበ በየጉድጓዱ ይነካል። ከሰፋ ደግሞ ዘንጉን ስትገፋ ማርሹ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው ፍሪሲዮኑ የሚለቀው፣ ያኔም ጥርስ ይፋጫል። ኮንታክቱ ከጠቆረ በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፈህ በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። ቅባት አይነካካ።

#6 ቱቦ_ፈታሽ

@ማሳ_ፖዘቲቭ ያለውን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ እጅን የማርሹ ዘንግ ላይ አሳርፎ መንዳት በዚህ መኪና ላይ ክልክል ነው። የእጅ ክብደት ብቻ ኮንታክቱን ይዘጋል፤ ፍሪሲዮኑ በግማሽ እየለቀቀ ይሄዳል። ጠያቂያችን እጄ የለም ስላለ ለሌላው አንባቢ ነው የምጽፈው። ማርሽ ስትቀይሩ እግር ከነዳጅ ይነሳ፣ ዘንጉ ይገፋ፣ ማርሹ ይግባ፣ እጅ ይነሳ፣ ከዚያ ነዳጅ ይሰጥ። ነዳጅ ላይ እግር እንዳለ ዘንጉን የነካ ሰው ሞተሩን በባዶ ያስጮኸዋል።

#7 ጥንዚዛ70

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሽ ቱቦ_ፈታሽ ባሉት መሠረት ተቆጥሯል፦ ሞተሩ ጠፍቶ የሰርቮው ዘንግ አንድ ጊዜ ሙሉ ሄደ፣ ሁለተኛው ላይ ወደ ሩብ ያህል፣ ከዚያ ዝም።

መሞከሪያ መብራቱ እጀታው መታ ሲደረግ ብልጭ ይላል። ሽቦው ግን ልብሱ ደህና ነው።

ቀጭኗ ቱቦ ካርቡራቶሩ ጋ ባለው ጫፏ ደርቃ ተሰንጥቃለች። ስትታጠፍ አፏን ትከፍታለች።

አሁን ቀዳዳው ታንኩ ላይ ይሁን ሰርቮው ላይ እንዴት ልለየው? ጋሽዬ፣ እርስዎ ካሉት ቅደም ተከተል አልወጣም።

#8 ቱቦ_ፈታሽ

በእጅ የሚሳብ የቫኩም ፓምፕ ከነመለኪያው ያስፈልግሃል። ከዚህ መኪና ጋር ለሚኖር ሰው ከቁልፍ ሳጥኑ መጥፋት የሌለበት ዕቃ ነው። ቱቦዎቹን ከመንቀልህ በፊት እያንዳንዱ ላይ ወረቀት ለጥፈህ ጻፍበት፦ ማኒፎልድ፣ ታንክ፣ ሰርቮ፣ ካርቡራቶር። ወፍራሞቹ ሦስቱ ስለሚመሳሰሉ ተቀያይረው ይገባሉ።

መጀመሪያ ማኒፎልዱን ለካ። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ15 እስከ 20 ኢንች ሜርኩሪ (የቫኩም መለኪያ) ያህል ይስባል፤ ከባሕር ወለል በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ አንድ ኢንች ያህል ቀንስለት። ከዚያ በታች ከሆነ ፍለጋው ከሞተሩ ይጀምራል፤ ቫልቭ፣ የመለኮሻ ጊዜ፣ ማኒፎልድ ጋርኒሲዮን። ሞተሩ የሌለውን ቫኩም ታንኩ አያመጣም።

ቀጥሎ ሰርቮው። ቱቦውን ከመቆጣጠሪያ ቫልቩ በኩል ነቅለህ በፓምፑ 15 ኢንች ሳብ። የሰርቮው ዘንግ ሙሉ ተስቦ መቆም አለበት፣ መርፌውም ለአንድ ደቂቃ መውረድ የለበትም። ከወረደ ፓምፑን በቀጥታ ሰርቮው አፍ ላይ ሰክተህ ድገመው። አሁን ከያዘ ቱቦው ነው፤ ካልያዘ ዲያፍራሙ ነው።

ከዚያ ታንኩ፣ በተመሳሳይ መንገድ። ታንኩ የግራው የኋላ ፓራፋንጎ ሥር ስለሆነ ጎማው ጭቃና ውኃ ሲረጭበት ነው የኖረው። እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ሁሉም ከያዙ የቀረችው መቆጣጠሪያ ቫልቩ ውስጥ ያለችው የማታስመልስ ክዳን ናት። ፓምፑን ማኒፎልድ በሚገባበት አፍ ሳይሆን ታንክ በሚገባበት አፍ ሰክተህ ሳብ፣ የማኒፎልዱን አፍ ክፍት ተወው። መያዝ አለባት። ካልያዘች አብዛኛውን ጊዜ ሥሯ ቆሻሻ ገብቶ ነው።

#9 ሸራና_ጥርስ

ከሥር ከገባህ አይቀር የሰርቮውን ማስተካከያም ለካ፤ ሁለቴ እንዳትተኛ።

የሰርቮውን ቱቦ ንቀል። በሰርቮው ማሰሪያ የላይኛው ጠርዝና በማስተካከያው እጅጌ የታችኛው ጠርዝ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ማስተካከል ያስፈልጋል። ከ4 በታች ከሆነ አትንካው።

ማስተካከል ካስፈለገ፦ ቱቦው እንደተነቀለ የመቆለፊያውን ዳዶ ፈትተህ እስከ ክንዱ ድረስ መልሰው። እጅጌውን ዳዶው ላይ እስኪደርስ አዙረው። ከዚያ እጅጌውን ከ5 እስከ 5 ተኩል ዙር መልስ። በዳዶውና በእጅጌው መካከል 6.5 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት፤ ዙሩን ቆጥረህ ብቻ አትመን፣ በካሊፐር አረጋግጥ። ዳዶውን ወደ እጅጌው አምጥተህ እሰረው፣ ቱቦውን መልስ።

ትክክል መሆኑን የምታውቀው በሁለት ነገር ነው። የኋላ ማርሽ ያለ ድምፅ ይገባል፣ ነዳጅ ሲረገጥም ፍሪሲዮኑ አይንሸራተትም። ሁለቱም አብረው መሟላት አለባቸው። ጨዋታ ከበዛ አጥርቶ አይለቅም፣ ጨዋታ ካጣ አጥብቆ አይዝም። ክንዱ የፍሪሲዮኑን ቤት እስኪነካ ድረስ ሄዶ ከሆነ ማስተካከያው አልቋል፤ ያኔ ሞተሩና ካምቢዮው ይወርዳሉ፣ ሸራው ይቀየራል። ሌላ መንገድ የለውም።

#10 ሦስት_ዘይት

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ ጠያቂው 3 ሊትር የማርሽ ዘይት ገብቷል ስላለ ልጠይቅ፦ የኮንቨርተሩ ዘይትስ ታይቷል?

በዚህ መኪና ላይ ሦስት ዘይት አለ፤ ሦስቱም ለየብቻ ናቸው። ሞተሩ 2.5 ሊትር የሞተር ዘይት። ካምቢዮው 3 ሊትር ባለ 90 ሃይፖይድ የማርሽ ዘይት። ኮንቨርተሩ ደግሞ 3.6 ሊትር የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ቀዩ። የቀዩ ዘይት ታንክ የቀኙ የኋላ ፓራፋንጎ ሥር ነው፤ መሙያውና መለኪያ ዘንጉ ሞተሩ ክፍል ውስጥ በቀኝ በኩል ይገኛሉ። አውቶማቲክ የሚል ስም ስላለው ብቻ ቀዩን ዘይት ካምቢዮው ውስጥ የሚጨምር ሰው አለ። የመጨረሻውን ድራይቭ ጥርስ ይጨርሰዋል።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ይህ ነው። ቀዩን ዘይት የሚያዞረው ፓምፕ ከሞተሩ ዘይት ፓምፕ ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ነው ያለው። በመካከላቸው ያለችው ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የምትከለክለው ጎማ) ስታረጅ ቀዩ ዘይት ወደ ሞተሩ ያልፋል። ጠብታ መሬት ላይ አታይም፣ ጭስም ላታይ ትችላለህ። የምታየው የቀዩ መለኪያ እየወረደ የሞተሩ መለኪያ እየወጣ መሆኑን ነው። "ሞተሩ ዘይት አይበላም፣ እንዲያውም ይጨምራል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቶሎ አስቁሙት። የቀጠነ ዘይት የክራንኩን ብሮንዚን አይጠብቅም። ፓምፑ ይፈታ፣ ሲሏ ትቀየር፣ የሞተሩ ዘይት በሙሉ ይፍሰስ።

ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ሥር ጠብታ ካለ ደግሞ በነጭ ወረቀት ተቀበሉት። ቀይና ቀጭን ከሆነ የኮንቨርተሩ ሲል ነው። ወፍራም ሆኖ የድኝ ሽታ ካለው የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ሲል። ጥቁር ከሆነ የክራንኩ የኋላ ሲል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሸራው ላይ ይደርሳሉ፤ ሸራው ዘይት ከጠጣ በኋላ አይታጠብም፣ ይቀየራል።

#11 ፈጣን_ካቻቪቴ

ይህን ሁሉ ከማሳደድ ወደ ማንዋል አይቀየርም? ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ አግብቶ መገላገል።

#12 ሸራና_ጥርስ

ካምቢዮ መቀየር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፔዳሎቹ ይቀየራሉ፣ ፍላይዊል ይገባል፣ የፍሪሲዮን ገመድ ይዘረጋል፣ የዘይት ፓምፑ ይለወጣል፣ የቀዩ ዘይት መስመር በሙሉ ይወጣል። አንዲት የተሰነጠቀች ቀጭን ቱቦ ለመሸሽ የሚከፈል ዋጋ አይደለም። ደግሞ በሥርዓቱ የተያዘ አውቶስቲክ በሚርመሰመስ መንገድ ላይ ያለው ምቾት የሚጣል አይደለም፤ ግራ እግር ሙሉ ቀን ያርፋል።

#13 ስፖርቶማቲክ911

ሰላም። የእኔ ጥያቄ ለፖርሽ 911 ስፖርቶማቲክ ነው፤ አሠራሩ የዚህ ወንድም ስለሆነ። የ#10 የዘይት ምክር ለእሱም ይሠራል?

#14 ሦስት_ዘይት

አይሠራም። ኮንታክቱ፣ ሶሌኖይዱና ቫኩም ሰርቮው በአሠራር አንድ ናቸው፤ የ#2፣ #5 እና #8ን ቅደም ተከተል መከተል ትችላለህ። ዘይቱ ግን ይለያል። ስፖርቶማቲክ ለኮንቨርተሩ የሚወስደው ከሞተሩ የዘይት ታንክ ነው፤ የተለየ ቀይ ዘይት የለውም። ስለዚህ መቀላቀል የሚባል ስጋት የለብህም። በሌላ በኩል የኮንቨርተሩ ሲል ካፈሰሰ የሚጎድለው የሞተሩ ዘይት ነው። የሰርቮው የማስተካከያ ልኬቶችም ከዚህ ክር አይወሰዱ፤ የተጻፉት ለቮልስ ብቻ ነው።

#15 ጥንዚዛ70

ውጤቱ ይኸውና።

ማኒፎልድ በሚኒሞ 16 ኢንች። ሰርቮው 15 ኢንች ለአንድ ደቂቃ ያለ ቅንጣት ቅናሽ ያዘ። የማታስመልሰዋ ክዳን ይዛለች። ታንኩ ከ15 ወደ ዜሮ ለመውረድ አሥር ሰከንድ አልሞላውም።

የግራው የኋላ ጎማ ወጥቶ ጭቃው ሲፋቅ ታንኩ ከታችኛው ስፌቱ ጋ በልዟል። በካቻቪቴ ጫፍ ሲነካ ሁለት ቀዳዳ ተገኘ፣ አንደኛው የክብሪት እንጨት ያስገባል። ሲነቀነቅ ውስጡ የዝገት ቅርፊት ይንሿሿል።

የሰርቮው ማስተካከያ ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ አልተነካም። የኮንታክቱ ክፍተት ትንሿ 0.15 ስፔሶሜትር እንኳ አልገባችም።

የቀዩ ዘይት በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው፣ የሞተሩም ልኩ ላይ። አሁን ታንኩ ይበየዳል ወይስ ይቀየራል?

#16 ቱቦ_ፈታሽ

ደግ ሠርተሃል። 16 ኢንች የሚስብ ሞተር ጤነኛ ነው፤ ቫኩሙን ይጨርስብህ የነበረው ታንኩ ነው።

ቢቀየር ይመረጣል። ስፌቱ ጋ የበላ ዝገት ከውስጥ የመጣ ነው፤ አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን ሌላው አጠገቡ ይከፈታል። የሚንሿሿው ቅርፊት ደግሞ ተስቦ መቆጣጠሪያ ቫልቩ ውስጥ ይገባል፣ የማታስመልሰዋን ክዳን ከፍቶ ያስቀራታል። የግድ ከሆነ ከመኪናው አውርደህ፣ አራግፈህ፣ የበላውን ቆርጠህ ንጹሕ ቆርቆሮ ይበየድበት። መኪናው ላይ እንዳለ እሳት አይቅረበው፤ የነዳጅ መስመር ያለበት መኪና ነው። ተመሳሳይ መጠን ያለው ሌላ የብረት የቫኩም ታንክም ይሆናል። ስስ ፕላስቲክ ግን ተጨራምቶ ይቀራል።

ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይር፤ አንዷ ከተሰነጠቀች ሌሎቹም እኩዮቿ ናቸው። ግድግዳው ወፍራም የሆነ፣ ለቫኩም የተሠራ ቱቦ ይሁን። የተራ ውኃ ቱቦ ሲሞቅ ይለሰልስና ሲሳብ ግድግዳው ይገናኛል፤ ከውጭ ሲታይ ደህና፣ ከውስጥ የተዘጋ። ይህ በፍለጋ ቀን የሚያበሳጭ ብልሽት ነው፣ ምክንያቱም ሞተሩ ሲበርድ ይጠፋል። ጫፎቹን በፋሸታ እሰር።

መቆጣጠሪያ ቫልቩ አየር የሚስብበትን ማጣሪያም አጽዳ። ከታፈነ ፍሪሲዮኑ ለመያዝ ይዘገያል፤ ብሎኑን ብታዞር ባታዞር ለውጥ አታይም።

#17 ማሳ_ፖዘቲቭ

ኮንታክቱን ወደ 0.3 አምጣው፣ ዳዶውን አጥብቀህ እሰር፣ ካሰርክ በኋላ እንደገና ለካ። ሲታሰር ስለሚሸሽ ነው። ከዚያ የመብራቱን ሙከራ ድገም።

#18 ጥንዚዛ70

ታንኩ ተቀየረ፣ አራቱም ቱቦ አዲስ ነው፣ ማጣሪያው ተጸዳ፣ ኮንታክቱ 0.3 ላይ ታሰረ። መብራቱ በጡጫም አይበራም፤ ኮረኮንቹ ላይ ማጓራቱ ጠፋ። የኋላ ማርሽ በተከታታይ ስድስት ጊዜ ያለ ድምፅ ገባ። ከ2 ወደ 3 ሲጨመርም ወዲያው ይይዛል።

አሁን የቀረው ሲቀንስ መምታቱ ነው። ሚኒሞው ደግሞ ወረደ፣ ማርሽ ሲገባ ሊጠፋ ይቃጣዋል።

#19 ሸራና_ጥርስ

ሚኒሞው የወረደው በታንኩ ቀዳዳ የሚገባው አየር ስለቆመ ነው። ቀደም ሲል አንድ ሰው በዚያ አየር ላይ አስተካክሎት ነበር ማለት ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ማርሹ ፍሪ ላይ ሆኖ 900 ዙር አካባቢ አምጣው። አታብዛው፤ ሚኒሞ ከፍ ባለ ቁጥር ማርሽ ሲገባ የመኪናው ግፊያ ይጨምራል፣ የኋላውም መፋጨት ይጀምራል።

አሁን የብሎኑ ጊዜ ነው። ክዳኗን አንሳ። ሩብ ዙር ወደ ሰዓት አቅጣጫ፣ አያያዙን ለማዘግየት። ከዚያ ወጣ ብለህ ሞክር፦ ነጻ መንገድ፣ ከኋላህ ሰው የሌለበት፣ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ላይ ከ3 ወደ 2 ቀንስ፣ ነዳጅ አትንካ። እጅህን ካነሳህበት ቅጽበት ፍሪሲዮኑ ሙሉ እስኪይዝ አንድ ሰከንድ መፍጀት አለበት። ካጠረ ሌላ ሩብ ዙር። ከረዘመ መልስ። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ዙር በላይ አትሂድ፤ ስንት እንዳዞርክም ወረቀት ላይ ጻፍ፣ መመለሻህ እሱ ነው።

#20 ጥንዚዛ70

ሚኒሞ 900። በመጀመሪያው ሩብ ዙር ምቱ ቀነሰ፣ ግን ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነበር። በሁለተኛው ሩብ አንድ ሰከንድ ላይ ደረሰ፤ ከ3 ወደ 2 ሲቀነስ የሚታወቀው ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥ ብቻ ነው። ሲጨመር የማጓራት ምልክት የለም። ጋሽ ቱቦ_ፈታሽ፣ ሁላችሁም፣ እጃችሁ ይባረክ።

#21 ሸራና_ጥርስ

እሰይ። የብሎኑን ክዳን መልሰህ ግጠማት፤ አቧራ በእሷ በኩል ይገባል። የሰርቮውን ክፍተትም ዘይት በቀየርክ ቁጥር ለካ። 2 የነበረው ወደ 4 ሲጠጋ ሸራው እያለቀ ነው።